የመምህር የኔሰው የመጨረሻ አከፋፈት

ኢንስፔክተር ወለተ ሐና ከጉንደ ወይን ተመልሳ፣ ቢቸና ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ ስልኳ ጠራ። በድንበር መሬት ተጣልተው የተፈነካከቱ ሁለት ወንድማማቾችን ጉዳይ ስትመረምር ነበር የሰነበተችው። ጉልበቷ አብጧል፤ ጉሮሮዋ በመንገዱ አቧራ ደርቋል። የደወሉት የዞኑ አለቃዋ ነበሩ።

«ሞጣ ላይ አንድ የቢቸና ሰው ሞተዋል» አሉ። «መምህር የኔሰው።»

«የሒሳቡ መምህር?»

«እሳቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቼዝ ውድድር ላይ እንዳሉ አስማቸው ተነሥቶ። ሐኪሙም አስም ነው ብሏል። ግን አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ዛሬ ጧት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የተናገረችው ነገር አለ። አንቺ ብታዪው ይሻላል።»

ወለተ ሐና የቀኝ እግሯን ጫማ አውልቃ ነበር። መልሳ አጠለቀችው። መምህር የኔሰውን የማያውቅ ቢቸና ውስጥ የለም፤ የእሷንም ልጅ አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳን ማስጠናት አልተዉም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩን ወጣት ሰብስበው ቼዝ ያጫውቱ ነበር።

ሞጣ ስትደርስ ሳጅን ሐብታሙ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። አስከሬኑን ሆስፒታል ሄዳ አየች። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ከዚያ በቀር ምንም የጠብ ምልክት የለም። ጠመኔ በጥፍሮቻቸው ሥር ነጥቶ ቀርቷል። ወለተ ሐና ጥፍሮቹን ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ አየችና ወጣች።

የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ሲሃም ትባላለች። የሳጅኑ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሻሿን እያስተካከለች ትጠብቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ሰማያዊ ነገር አለ፦ አስም ያለበት ሰው ወደ አፉ የሚነፋው፣ ሁሉም ሰው «ፓፍ» የሚለው መድኃኒት።

«ትናንት ሱቅ እንደከፈትኩ መጡ» አለች ሲሃም። «ያረጀው አልቋል፣ አዲስ ስጪኝ አሉኝ። ሸጥኩላቸው። እዚያው ፊቴ ነፉት፤ ደህና ይሠራ ነበር። ማታ ግን ፓፋቸው ባዶ ሆኖባቸው ሞቱ ሲሉ ሰማሁ። ሙሉ ፓፍ በአንድ ቀን አያልቅም። እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ይሄ ነው አንቺ የሸጥሽላቸው?»

ሲሃም ላስቲኩን ሳትፈታ አገላብጣ አየችው። የአፉ ጠርዝ በጥርስ ተነካክሷል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል።

«አይደለም። ይሄ አሮጌው ነው።»

ወለተ ሐና ዱቄቱን ተመለከተች። ጠመኔ ነበር።

ከዚያ ወደ ወጣቶች አዳራሽ ሄዱ። የውድድሩ ዳኛ ፋንታ ይባላል፤ ሥራው ባንክ ነው፤ ቼዝ መዳኘት ግን የሚወደው ነገር ነው። ወንበሮቹን ሁሉ ደራርቦ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ሳይነካ ትቷል። ቦርዱ ላይ ጠጠሮቹ ጨዋታው እንደቆመበት ቆመዋል።

«ለማንሣት እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለ።

«መድኃኒታቸው የት ነበር?»

«ኮታቸው ኪስ ውስጥ። ስልክ ይዞ መጫወት ስለማይፈቀድ ኮትና ቦርሳ ሁሉ እዚያች ክፍል ነው የሚቀመጠው።» በእጁ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል አመለከተ። «መምህር ኮታቸውን ራሳቸው ሰቀሉ። ኪሳቸውን ዳሰሱና ‹አለ› ብለውኝ ወደ ቦርዱ ሄዱ።»

ወለተ ሐና ክፍሏን አየች። መስኮቷ ብረት አለበት። መግቢያዋ አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ኮሪደሩ ይከፈታል።

«በሩ ይቆለፋል?»

«ጨዋታው ሲጀመር ነው የምቆልፈው። ትናንት ግን ትንሽ ዘገየሁ። ልቆልፍ ስል አዳራሹ ተንጫጫ።»

«ለምን?»

ፋንታ ለመናገር እንደ ማፈር አለ። «መምህር የንግሥቲቱን ወታደር ገፉ። ለእርስዎ ምንም ላይመስልዎት ይችላል። እሳቸው ግን ነጭ ጠጠር ከያዙ የመጀመሪያው የሚገፉት ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ነው። ሌላ ሲከፍቱ ያየ ሰው የለም። ተመልካቹ ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ አጨበጨበ። ዝም አሰኝቼ፣ ጥቂት እርምጃ ከተጫወቱ በኋላ ሄጄ ቆለፍኩ። ከዚያ ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም። እኔም ከቦርዱ አጠገብ አልራቅሁም፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ሲታመሙስ?»

«ጸደንያ፣ ተማሪያቸው፣ እየጮኸች ወደ እኔ መጣች። አብረን ሮጥን። በሩን ከፈትኩላት። ኮቱን ከመስቀያው አንሥታ እንዳለ ይዛው ተመለሰች፤ ኪሱን አልነካችም። ፓፉን ያወጡት መምህር ራሳቸው ናቸው። ነፉት፤ ምንም የለም። ደገሙት።» ፋንታ አንገቱን ደፋ።

«አሮጌውን ፓፍ አይተኸው ነበር?»

«ቁርስ ላይ። የሞጣው ተጋጣሚያቸው አቶ እንድሪስ ለቢቸና ቡድን ቁርስ ጋብዘው ነበር። መምህር አዲሱን አሳዩንና አሮጌውን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ተነሡ።»

«ማን ማን ነበር?»

«መምህር፣ አቶ እንድሪስ፣ ጸደንያ፣ የቡድን መሪያቸው ስጦታው፣ እኔ።»

አቶ እንድሪስን ሱቃቸው ውስጥ አገኘቻቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ከጣቃ ጨርቆቹ መሐል ተቀምጠዋል። ከመምህር የኔሰው ጋር ቼዝ ሲጫወቱ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። አንድ ዓመት አንዱ ሞጣ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ሌላው ቢቸና ይሄዳል። ይሄ እንዲህ ሆኖ ኖሯል።

«እኔ ነኝ ያንን ጠጠር ያስገፋሁት» አሉ። «ቁርስ ላይ ‹የኔሰው፣ እጅህ ከንጉሡ ወታደር ሌላ መንካት አይችልም› ብዬ ቀለድኩበት። ሻዩን ጨርሶ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ላይ ቀና ብሎ አየኝና የንግሥቲቱን ገፋ። ፊቱን ብታዪው። ልጅ መሰለኝ።»

«ከወንበርዎ ተነሥተው ነበር?»

«እስኪወድቅ ድረስ አልተነሣሁም።»

«መጀመሪያ የደረሰላቸው ማን ነው?»

«ስጦታው። ራሱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ‹አይዞዎት መምህር› ይለው ነበር።» እንድሪስ አንዱን ጣቃ ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «የኔሰው ግን በዋዜማው ማታ ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን ሆንክ ስለው ‹ከጨዋታው በኋላ ውድድሩን ሊያዩ ለመጡት የስፖርት ኃላፊዎች የምነግራቸው መጥፎ ነገር አለ› አለኝ። አልጠየቅሁትም። አሁን ‹ብጠይቀው ኖሮ› እላለሁ።»

ወለተ ሐና ከዚያ ስጦታው ወዳረፈበት ሆቴል ሄደች። ቢቸና ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነው። የቡድኑን ቱታ እንደለበሰ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል። እንዳየችው ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«ደክሞዎታል መሰለኝ፣ ውሃ ይምጣልዎት?»

«ይቅርብኝ። ጨዋታው ሲጀመር የት ነበሩ?»

«አዳራሹ ውስጥ። የቡድን መሪ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ።»

«እስቲ አጀማመሩን ይንገሩኝ። እኔ ቼዝ አላውቅም።»

ስጦታው እንደ መተንፈስ አለ። «ምን አዲስ ነገር አለ። መምህር እንደ ልማዳቸው የንጉሡን ወታደር ገፉ። አቶ እንድሪስ የራሳቸውን አንድ ቤት አወጡ። ከዚያ መምህር የንግሥቲቱን ደገሙ፤ እሳቸውም በንግሥቲቱ ወታደር መለሱ። ፍሬንች ነው የሚባለው አከፋፈቱ። ሲጫወቱት የኖሩት ነው። ሰዉም ጸጥ ብሎ ነበር የሚያየው።»

ወለተ ሐና ራሷን ነቀነቀችና አመሰገነችው። ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ ጠዘጠዛት። ሰውየው ተሳሳተ? ሐዘን የሰውን ሐሳብ ያምታታል። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አዩ፤ አንዱ ሌላ ነገር አየ። ይህን ይዛ ማንንም ልትከስ አትችልም። ግን ቦርዱን ያላየ ሰው አራቱን እርምጃ እንዲህ በዝርዝር ሊቆጥር እንዴት ይችላል?

ጸደንያን አዳራሹ ደጃፍ ላይ፣ ጥላው ሥር ቆማ አገኘቻት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የቢቸናን ሴቶች ወክላ ነው የመጣችው። መላ ሰውነቷ የታመመ ሰው ይመስላል።

«ነይ» አለቻት ወለተ ሐና፣ «የምጠይቅሽ ነገር አለ።»

ሌላ ቦርድ አስወጥታ ጠጠሮቹን አስደረደረቻት። «መምህር ትናንት የጀመሩበትን አሳዪኝ።»

ጸደንያ ነጩን የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ገፋች። ጥቁሩን የንጉሡን ወታደር አንድ ቤት አወጣች። ከዚያ ነጩን የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት፣ በመጨረሻም ጥቁሩን የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ገፋች።

«አሁን እንደ ልማዳቸው ቢሆን ኖሮ እንዴት ይሆን ነበር?»

ጸደንያ ጠጠሮቹን መለሰችና በድጋሚ ጀመረች፤ ይህን ጊዜ ከንጉሡ ወታደር። ስትጨርስ ወለተ ሐና ወደ ቦርዱ ጎንበስ አለች።

«ይሄ እኮ የቅድሙ ነው።»

«አዎ። መምህር አቶ እንድሪስን ለማስደንገጥ ብቻ ነው ያንን ያስቀደሙት። ወዲያው ወደ ለመዱት ጨዋታ ተመለሱ። ሁለቱ እርምጃ ቦታ ቢለዋወጥም መድረሻው አንድ ነው።»

«እንግዲህ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቦርዱን ቢያይ፣ እንደ ወትሮው የከፈቱ ይመስለዋል።»

«ይመስለዋል። ምን ያውቃል?»

ወለተ ሐና ወንበሩን ተደገፈች። ገና እፎይ አላለችም፤ የቀረው ከባዱ ነበር።

«ጸደንያ፣ መምህር ከጨዋታው በኋላ ለስፖርት ኃላፊዎች የሚነግሩት ነገር ነበራቸው። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ልጅቷ አንዱን ጠጠር አንሥታ በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። ወለተ ሐና አላጣደፈቻትም። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«ለክልሉ ቡድን የሚመርጠው ስጦታው ነው» አለች በመጨረሻ። «ከእኔ ጋር ካላደርሽ አትመረጪም አለኝ። እምቢ አልኩ። ከዚያ በኋላ እየደወለ ያስፈራራኝ ጀመር። ለቤተሰብ መናገር አልቻልኩም። ለመምህር ነገርኳቸው። እዚህ የመጣን ዕለት ማታ እሱን ለብቻው አነጋገሩት። ‹ራስህ ካልለቀቅህ ከጨዋታው በኋላ እኔ እናገራለሁ› ብለውታል። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።» ጠጠሩን ቦርዱ ላይ መለሰችው። «ትናንት ልናገር ነበር። ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ።»

ወለተ ሐና ለሳጅን ሐብታሙ ደወለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። አቶ እንድሪስ ባልተነካው ቦርድ አጠገብ፣ የትናንቱ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ፋንታ ቆሟል። ሲሃምና ጸደንያ ጎን ለጎን ናቸው። ስጦታው ቱታውን እስከ አገጩ ዘግቶ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጧል። ሳጅን ሐብታሙ በሩን ይዟል።

ወለተ ሐና አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች መነሣት እንደሚከብዳት ታውቃለች።

«አላደክማችሁም» አለች። «መምህር የኔሰውን አስም ገድሏቸዋል፤ ሐኪሙ አልተሳሳተም። ነገር ግን ሲሃም ትናንት ጧት ሙሉ መድኃኒት ሸጣላቸዋለች። ከኪሳቸው የወጣው አሮጌው ነው። አሮጌው በእግሩ ሄዶ ኪስ ውስጥ አይገባም። ቁርስ ላይ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ሊያነሣ የሚችል እዚያ የነበረ ሰው ነው። ያ ማለት ከሲሃምና ከሳጅኑ በቀር እዚህ ያላችሁት ናችሁ።»

ፋንታ ከቦርዱ አንድ እርምጃ ራቅ አለ።

«መምህር ኮታቸውን ሲሰቅሉ አዲሱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ዳስሰው አረጋግጠዋል። ፋንታ በሩን ከቆለፈ በኋላ ማንም አልገባም። ሲከፈትም ጸደንያ ኪሱን ሳትነካ ኮቱን እንዳለ አመጣች፤ ፋንታ አይቷል። ስለዚህ የተለወጠው ጨዋታው ተጀምሮ በሩ እስኪቆለፍ ባለችው ጊዜ ነው። ያኔ ፋንታ ሰዉን ዝም ያሰኝ ነበር። አቶ እንድሪስ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጸደንያ፣ አንቺስ?»

«ከፋንታ አጠገብ ነበርኩ» አለች ጸደንያ። ፋንታ ራሱን ነቀነቀ። «ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ተይ ብያታለሁ።»

«እኔም ነበርኩ» አለ ስጦታው ረጋ ብሎ። «ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረውኛል። መምህር እንደ ልማዳቸው የንጉሡን ወታደር ገፉ፤ ሰዉም ጸጥ ብሎ ነበር የሚያየው ብለውኛል።»

አቶ እንድሪስ ቀስ ብለው ዞሩ።

«የንጉሡን?» አሉ።

ስጦታው ወደ ቦርዱ አየ፤ ከዚያ ወደ ጸደንያ።

«መምህር ትናንት የከፈቱት በንግሥቲቱ ወታደር ነው» አለች ወለተ ሐና። «አዳራሹ ሙሉ ሰው ጮኋል። ያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይረሳም። እርስዎ ግን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሲመጡ ቦርዱ ላይ ያዩት የለመዱትን ጨዋታ ስለሆነ፣ አጀማመሩም የለመዱት መሰለዎት። ከሞታቸው በኋላ ደግሞ ስለ አከፋፈት ያወራ ሰው አልነበረም፤ የሚነግርዎት አጡ። የት ነበሩ?»

«ሽንት ቤት ሄጄ ይሆናል። ሰው ይረሳል።»

«ይረሳል። ቱታዎን እስቲ ለሳጅኑ ያስፈትሹ።»

ስጦታው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሳጅን ሐብታሙ ግን ቀድሞ አጠገቡ ደርሶ ነበር። ከውስጥ ኪሱ ሰማያዊ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሲሃም ቀረብ ብላ አየችው።

«እኔ የሸጥኩት ነው» አለች። አንሥታ ወደ ላይ አንዴ ጫነችው። ከአፉ ቀጭን ጭጋግ ወጥቶ አየሩ ላይ ጠፋ።

«እንዲሞቱ አልነበረም» አለ ስጦታው። «ታመው ሆስፒታል ይገባሉ፣ ኃላፊዎቹም ይመለሳሉ፣ ያ ቀን ያልፋል ብዬ ነው። ከዚያ ፓፉን ልጥለው ብል ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁ።»

አቶ እንድሪስ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ።

«ራሱን ጭንህ ላይ ይዘኸው ነበር» አሉ። «‹አይዞዎት› እያልከው። ያን ጊዜ ይሄ ኪስህ ውስጥ ነበር።»

ስጦታው አንገቱን ደፋ። አቶ እንድሪስ ሌላ ነገር የሚጠብቁ ይመስል ቆመው ቆዩ፤ ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ሳጅን ሐብታሙ ሰውየውን ይዞት ወጣ።

ፋንታ ጠጠሮቹን ሰበሰበ፤ ማንም አልከለከለውም። ሲሃም አቶ እንድሪስን ቤታቸው ድረስ ልትሸኛቸው አብራቸው ወጣች።

ወለተ ሐና አሁን ተቀመጠች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጸደንያ ፊት ለፊቷ ነበረች።

«ቃልሽን ነገ ቢቸና እንቀበላለን» አለቻት። «ሴት መርማሪ ናት የምትጽፈው፤ እኔም እኖራለሁ። ዛሬ ምንም አትናገሪ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ባልነግራቸው ኖሮ አይሞቱም ነበር።»

ጥያቄ አልነበረም። ወለተ ሐና ለብዙ ሰዎች ብዙ ዓይነት ማጽናኛ ተናግራለች፤ ግን የሚቀለውን መልስ ብትሰጣት ልጅቷ እንደማታምናት ታውቃለች።

«አይሞቱም ነበር» አለች። «አንቺ ግን ዛሬ ከዚያ ሰውዬ ጋር በአንድ መኪና ወደ ቢቸና ትመለሺ ነበር። መምህር ይህን አስበው ነው ያነጋገሩት። የእኔንም ልጅ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዝም ይሉ ነበር ብዬ አላስብም። የገደላቸው እሱ ነው፣ ጸደንያ። ይህን በየቀኑ ለራስሽ መንገር ይኖርብሻል፤ በአንድ ቀን አይገባም።»

ጸደንያ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከትናንት ጀምሮ ያላለቀሰችውን። ወለተ ሐና እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ክንዷን ያዘቻትና፣ አንዷ በሐዘን፣ አንዷ በጉልበቷ ሕመም፣ ሁለቱም ቀስ እያሉ ወደ መኪናው ሄዱ።